ትንፋሽ አስያዥ

በአገሪቱ ውስጥ የቀሩት ትንፋሽ አስያዦች ሁለት መቶ አስራ አራት ናቸው። አማካይ ዕድሜያቸው ሃምሳ ዘጠኝ ነው። ከመቶው ሰማንያ አንዱ ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ቀድመው ወደ ጥበቃና ወደ መጋዘን ሥራ ሄደዋል። ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ አንድም የለም። ይህን የማውቀው እኔው ራሴ ስለቆጠርኳቸው ነው።

ስሜ ወልደየስ ይባላል። እኔ በተወለድኩበት ዘመን የቅድመ አያት ስም ፋሽን ስለነበር ክፍላችን ውስጥ ሦስት ወልደየስና ሁለት ድንቅነሽ ነበርን። ሥራዬ ባለሙያ መቁጠር ነው። በየዓመቱ በባቡር እየዞርኩ በየምርመራ ጣቢያው የቀሩትን ሰዎች አገኛለሁ፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ ጠይቄ ቅጹን ሞልቼ እወጣለሁ። ቅጹን ማሽን ሊሞላው ይችል ነበር፤ ግን የሠራተኛ ሕጉ «ስለ ሰው ሰው ይፈርማል» የሚል አንድ አንቀጽ ረስተው የተዉበት ስለሆነ እስከ ዛሬ ሥራ አለኝ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ እናቴ «አንተ ልጅ፣ ቂጥህ ላይ እሾህ አለ?» ትለኝ ነበር። በጽሑፌ ውስጥ ለትልልቅ ሰዎች አንቱታ ብታጡ ንቀት አይደለም። የቆጠራ ቅጽ አንቱታ አያውቅምና እጄ ለምዶበት ነው።

ትንፋሽ አስያዦች ድሮ የራጅ ባለሙያ ይባሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ ማንሳቱም ማንበቡም ወደ ማሽኑ ሄደ። አንድ ነገር ብቻ እምቢ አለ፤ የሰው ደረት። ሰው ካልተነገረው ትንፋሹን አይዝም፤ ማሽን ሲነግረው ደግሞ በግማሽ ልብ ነው የሚይዘው፤ ምስሉ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሥራ መደቡ ስም ተቀየረ፤ ክፍያውም በደረት ሆነ። ጥርት ያለ አንድ ደረት፣ አንድ ክፍያ። የደበዘዘ ደረት አይቆጠርም።

በ2072 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ኮምቦልቻ ገባሁ። ገና ከባቡሩ ሳልወርድ ከመሥሪያ ቤቴ መልእክት ደረሰኝ።

«የቦርከና ማዞሪያ የምርመራ ጣቢያ፣ ክፍል አራት። ሱመያ አራጋው፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት። ግድግዳው በሥራ ሰዓት የትንፋሽ መቋረጥ አይቶባታል፤ በቀን ከሠላሳ ጊዜ በላይ ማስጠንቀቂያ ነው፣ የእሷ ከአርባ በላይ ነው። ለሥራ ብቁ አይደለችም። ቆጣሪው በሦስት ቀን ውስጥ በፊርማው ያረጋግጥ።»

ግድግዳ የምንለው በየሥራ ቦታው የሠራተኛውን ጤና የሚከታተለውን ነው። ልብ ያዳምጣል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ያያል፣ ከዘንድሮ ወዲህ ደግሞ ትንፋሽ ይቆጥራል። ክፉ ነገር አይደለም። የአለቃዬን የልብ ሕመም ከእሷ ቀድሞ ያወቀው ግድግዳ ነው። እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ በግድግዳ ቃል ላይ ሳልፈርም የቀረሁበት ጊዜ አልነበረም።

ጣቢያው በር ላይ ነጭ ጢም ያለው ጥበቃ ቆሟል። ስሙ ናትናኤል ነው፤ ከተማው ሁሉ ግን ጋሽ ናቲ ይለዋል።

«መጣህ ቆጣሪው?» አለኝ። «አምና ሁለት መቶ ሠላሳ ብላችሁ ነበር። ዘንድሮስ?»

«ሁለት መቶ አስራ አራት።»

«በቆጠራችሁን ቁጥር እናንሳለን። እስቲ አንድ ዓመት ተዉንና እንብዛ።»

«ጋሽ ናቲ፣ እርስዎ እኮ ጥበቃ ነዎት፤ ቅጼ ውስጥ የሉም።»

«እኔ የደም ላብራቶሪ ነበርኩ» አለ፣ መታወቂያዬን እያገላበጠ። «በሃምሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ዓርብ፣ አስራ አንዳችንን አመስግነው ሸኙን። ሰኞ በዚችው በር በጥበቃነት ተመለስኩ። ይኸው ዓይኔ አሁንም ወባን ከሩቅ ይለያል፤ የሚያሳየኝ ጠፍቶ ነው እንጂ። ግባ፣ ሱሙ እየሠራች ነው።»

ክፍል አራት ለሁለት የተከፈለ ነው። በአንደኛው በኩል በሽተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑ ከጀርባው ነው፣ ከፊት ለፊቱ ወፍራም መስታወት አለ። ከመስታወቱ ወዲህ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሱመያ ትቆማለች። ከእሷ ጀርባ ደግሞ ወደ መንገዱ የሚያሳይ መስኮት አለ። በሽተኛው ቀና ሲል መጀመሪያ እሷን፣ ከእሷ ኋላ ጎዳናውንና ባጃጆቹን ያያል።

አጠር ያለች፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት። ወረፋው ረጅም ነው፤ የሳንባ ምርመራ ካላለፉ የሥራ ካርዳቸው የማይታደስላቸው የባቡር ጫኝና አውራጆች፣ የጨርቅ ፋብሪካ ሴቶች፣ ሽማግሌዎች። ከሐይቅ ድረስ የመጡም አሉ፤ እዚያ ያለው ጣቢያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ሰው አልባ ነው፣ ከመቶው አርባ ምስል ይደበዝዛል። ሥራዋን ሳታቋርጥ መለሰችልኝ።

«የአገልግሎት ዘመን?»

«ሠላሳ አራት ዓመት ከአምስት ወር። ሠላሳ አምስት ሲሞላ ሙሉ ጡረታ አለ አሉ። ላም አለኝ በሰማይ።»

«በቀን ስንት ደረት?»

«አርባ። በገበያ ቀን ሃምሳም ይገባል። አብሽሩ አባቴ፣ ቀና ይበሉ። ወደ እኔ ይዩ። ይሳቡ... ያዙ።» ዝምታ። «ተንፍሱ። ይማርዎ።»

«ቤተሰብ?»

«ባሌ ሞቷል። ልጄ አዳማ ናት፣ ወንዱ መቀሌ። ለበዓል ይመጣሉ።» ወደ እኔ ዞር አለች። «ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ይሄ ወረፋ ነው፤ ሌላ የለኝም። እሱንም ጻፍልኝ፣ ቦታ ካለው።»

ቦታ አልነበረውም። መልእክቱን አነበብኩላት።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ ሳቋን ዋጠችው። «እኔ? ወላሂ ጤነኛ ነኝ። የመስጊዱን ዳገት በእግሬ ነው የምወጣው። በል ካላመንክ አብረን እንውጣ።»

«ማረጋገጥ አለብኝ፣ እትዬ ሱመያ። ካረጋገጥኩ በሕመምተኛ ዝርዝር ይገባሉ፤ ሥራም ጡረታም በዚያው ያበቃል። ክፍሉም ሰው አልባ ይሆናል።»

«እንግዲያው ቁጭ በልና እየኝ» አለች።

ቁጭ አልኩ። ለእኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንደኛው በሽተኛ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። በሰባተኛው ላይ አየሁት። «ያዙ» ስትል የራሷም ደረት ቆመ። ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ እዚያው ቀረ። «ተንፍሱ» ስትል እሷም ተነፈሰች።

«እትዬ ሱመያ፣ እርስዎም ይይዛሉ።»

«ምኑን?»

«ትንፋሹን።»

ምን ነካው በሚል ዓይን አየችኝ። የሚቀጥለው በሽተኛ ገባ። «ይሳቡ... ያዙ» አለችና ፊቷ ክው ሲል አየሁ። ትንፋሿን እንደያዘች ለራሷም ታወቃት። ሰውየው ከሄደ በኋላ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

«ኧረ በነቢ! ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ?»

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ልማዱ ከየት እንደመጣ ነገረችኝ። የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። አንድ ሽማግሌ አስቀምጣ «ያዙ» አለች። በዚያው ቅጽበት የመድኃኒት ጭነት መጥቶ ፈርሚ ብለው ጠሯት። ፈርማ ስትመለስ ሽማግሌው ፊቱ ጠቁሮ፣ ዓይኑ ፈጦ፣ እንደያዘ ነው። «አባቴ፣ ምነው ሳይተነፍሱ?» ብትለው፣ «ያዙ አልሽ፤ ልቀቁ አላልሽም» አላት። የታዘዙትን የሚፈጽሙ ሰዎች ነበሩ። ሱመያ እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች። የዚያን ጊዜ አለቃዋ የሰጣት ምክር አንድ ነው፦ «ስታስይዢ አብረሽ ያዢ። አንቺን ሲጨንቅሽ እሱንም ጨንቆታል።»

«ከዚያ ወዲህ ማንንም ረስቼ አላውቅም» አለችኝ። «መያዜን ግን ረሳሁት።»

ቅጼን ከፈትኩ። የትንፋሽ መቋረጥ ምክንያት በሚለው ሥር ሦስት ምርጫ አለ፤ ሕመም፣ ዕድሜ፣ ሱስ። የሙያ ልማድ የሚባል የለም። አለቃዬ ወይዘሮ ፌቨን ዘንድ ደወልኩ። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቶሎ መዝጋት የምትወድ ናት።

«ወልደየስ፣ ቀላል ነው» አለችኝ። «አንድ ሙሉ የሥራ ቀን፣ እስከ አስራ አንድ ሰዓት፣ አንድም ጊዜ ሳታቋርጥ ትተንፍስ። ማስጠንቀቂያው ይሰረዛል። የሚቀጥለው ምርመራ ከዓመት በኋላ ነው።»

በዓመት ውስጥ ሠላሳ አምስቱ ይሞላል። ለሱመያ ስነግራት እንደ ልጅ ደስ አላት። መተንፈስ ማን ያቅተዋል?

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀመርን። «ይሳቡ... ያዙ» አለችና እሷ ተነፈሰች። በቀስታ፣ እያወቀች። ምስሉ ደበዘዘ። ሁለተኛው ደበዘዘ። ሦስተኛዋ የጨርቅ ፋብሪካ ልጅ ነበረች፤ ደበዘዘ። ሱመያ ቃሏን ረዘም አደረገች፣ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ ለመነች፣ ተቆጣች። ሰዎቹ እሺ ይሏታል፤ እሷ ስትተነፍስ ግን አብረው ይተነፍሳሉ። ይሰሟት የነበረው በጆሯቸው አልነበረም። ዓይናቸው ደረቷ ላይ ነበር።

እስከ አራት ሰዓት ድረስ ከአስራ ዘጠኝ ደረት የጠራው ሦስት ብቻ ነው። ጨረሩ በዓመት ለአንድ ሰው ከሦስት ጊዜ በላይ ስለማይፈቀድ ደግማ ልታነሳቸው አልፈለገችም፤ «ነገ ተመለሱ» እያለች ሸኘቻቸው። ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ። «እትዬ ሱመያ ዛሬ ምን ሆናለች?» ይላሉ። እኔ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ወጣ፦ «የሱመያ አራጋው ሁኔታ ከፍተኛ መሻሻል አሳይቷል።»

«ተመልከት» አለችኝ። «ሥራ የማልሠራ ጤነኛ ሆንኩልህ።»

ግርግሩን ሰምቶ ጋሽ ናቲ ገባ። ነገሩን በሁለት ቃል ሲረዳው ቆቡን አወለቀ። «ታዲያ እኔ ልያዝላት። እሷ ትናገር፣ እኔ ልያዝ።»

ከጎኗ ቆመ። «ይሳቡ... ያዙ» ስትል ጋሽ ናቲ ጉንጩን ነፍቶ፣ ዓይኑን አፍጥጦ፣ ደረቱን እንደ አውራ ዶሮ ወጠረው። የመጀመሪያዋ በሽተኛ ሳቀችና አበላሸችው። ሁለተኛው ግን ያዘ። ጥርት ያለ ደረት! ከዚያ በኋላ ተከታተለ። ሱመያ እየተነፈሰች ትናገራለች፤ ጋሽ ናቲ እያፈነ ያሳያል። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ እቆጥራለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቆጠራ ጣፍጦኝ አያውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ግድግዳው ቀይ ሆነ።

«ናትናኤል ሸዋረጋ፣ ስልሳ ስድስት ዓመት፣ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ከሥራ ቦታ ይውጣ።»

ጋሽ ናቲ «በል ደግሞ!» ብሎ ሳይጨርስ ሁለተኛው መስመር ወጣ።

«ወልደየስ ግዛው፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ ቆጣሪ፣ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ሠላሳ አንድ ጊዜ። ከሥራ ቦታ ይውጣ።»

እኔን ነው። ለካ ጥግ ላይ ቆሜ «ያዙ» ባለች ቁጥር እኔም እይዝ ኖሯል። ከጋሽ ናቲ እኩል ሆኛለሁ። ደነገጥኩ፤ ሳቅም መጣብኝ። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ያለበት ሰው ፊርማ እንደማይጸና ትዝ አለኝና ሳቄ ቆመ። የጠባቧ ክፍል በር ወደ ኮሪደሩ አስወጣንና ከኋላችን ተዘጋ። በበሩ ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት በኩል ሁለታችንም ተደርድረን እናያለን።

ሱመያ ብቻዋን ቀረች። የቀሩትን ሰዎች አንድ በአንድ «ነገ» እያለች ሸኘች። አስር ሰዓት ከሩብ ሆነ። እስከዚያ ድረስ አንዲት ጊዜም አልያዘችም። አርባ አምስት ደቂቃ ቢቀራት ነው። ምንም ሳትሠራ ቁጭ ብላ ብትተነፍስ ያልቃል።

በዚህ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ከነጋቢው ገባ። ደምሰው ይባላል፣ ከሐይቅ ነው የመጣው፣ መንገድ ተበላሽቶበት ዘግይቷል። በሰው አልባው ጣቢያ ሁለት ጊዜ ተነስቶ ሁለቱም ደብዝዘዋል። ስለዚህ ለዓመቱ አንድ ብቻ ቀርቶታል። ደም ያስለዋል። ደሴ አልጋ ተይዞለታል፤ ምስሉ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልደረሰ አልጋው ለባለተራው ያልፋል። ይህን ሁሉ ቆሞ ሲያስረዳት በሩ ላይ ሆነን ሰማን።

«ነገ ይመለሱ በሉት» አልኩ በበሩ በኩል። በራሴ አፈርኩ፤ ቢሆንም አልኩት። «እትዬ ሱመያ፣ አርባ አምስት ደቂቃ ነው የቀረዎት።»

አልዞረችም። ሽማግሌውን ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ጋቢውን አጥፋ ጉልበቱ ላይ አደረገችለት። ተመልሳ መስታወቱ ጋ ቆመች።

«አብሽሩ አባቴ። ወደ እኔ ይዩ።»

ጋሽ ናቲ ክንዴን ጨበጠኝ።

«ይሳቡ» አለች። «ያዙ።»

ያዘች። ሽማግሌውም ያዘ። ከበሩ ኋላ እኛም ሁለታችን ይዘናል፤ በዚህ ምንም ማድረግ አይቻልም። ዘጠኝ ሰከንድ ነው ብሎ በኋላ ግድግዳው ጽፏል። ለእኔ የጥር ሌሊት ያህል ረዝሞብኛል።

«ተንፍሱ» አለች።

ጥርት ያለ ምስል ነበር። ማሽኑ በግራ ሳንባው ላይኛው ጫፍ ምስር የምታክል ጥላ አገኘ። ገና በጊዜ ናት፣ ትወጣለች አለ። ምስሉ አስር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ደሴ ደረሰ። ሽማግሌው የሱመያን እጅ ይዞ መረቃት። የመረቃት ረጅም ዕድሜና የማይነጥፍ እንጀራ ነበር። ግድግዳው ከበላዩ ቀልቷል።

ያን ቀን ማታ የምችለውን ጻፍኩ። ሴትዮዋ ጤነኛ ናት፣ ሥራዋ ነው፣ የሚያሳምማትም ሥራዋን ትታ ስትተነፍስ ነው ብዬ ሁለት ገጽ። መልሱ በማግስቱ ጠዋት መጣ። የፈራሚው ጤና አጠራጣሪ ስለሆነ ፊርማው አይጸናም። በአንድ ክፍል ውስጥ በሁለት ቀን ሦስት ሰው ተመሳሳይ ምልክት ስላሳየ ነገሩ ተላላፊ ሳይሆን አይቀርም። ክፍል አራት ተጠርጎ ሰው አልባ ይሁን።

ሱመያ ሻሿን አስተካክላ፣ ነጭ ጋወኗን አጥፋ በፌስታል ይዛ ወጣች። ጋሽ ናቲም በሩን ለመቆለፊያ አስረክቦ ተከተላት። እኔም ባቡሬን ያዝኩ። ሁለት መቶ አስራ ሦስት።

መሥሪያ ቤቴ አላባረረኝም። የመቁጠር ፈቃዴን ወስዶ ሌሎች የቆጠሩትን እንዳጣራ ወንበር ሰጠኝ። ወንበር! አራት ወር ተቀመጥኩ። በመስኮት የሚያልፉትን ባቡሮች መቁጠር ጀምሬ ነበር።

የካቲት መጨረሻ ላይ አንድ ቁጥር ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። ሰው አልባ ከሆኑት ጣቢያዎች ሁሉ፣ በምስል ጥራት አንደኛ ኮምቦልቻ፣ ቦርከና ማዞሪያ። ከመቶ ዘጠና ሰባት። የሌሎቹ ከስልሳ አያልፍም። ከቁጥሩ ሥር ወይዘሮ ፌቨን የውሳኔ ሐሳብ አያይዛለች፦ ኮምቦልቻ ያለ ሰው እንዲህ ከሠራ ሌላውም ይሠራል። ቀሪዎቹ ሁለት መቶ አስራ ሦስት መደቦች ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ይዘጉ።

ዘጠና ሰባት የሰው ቁጥር ነው። ሌላው ባያውቀው እኔ አውቃለሁ። በዚያው ዕለት ሳላስፈቅድ ባቡር ተሳፈርኩ።

በጣቢያው ጀርባ ባለው መንገድ ዞርኩ። ከክፍል አራት መስኮት ውጭ፣ ከእግረኛው መንገድ ላይ፣ አንድ የፕላስቲክ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ሱመያ፣ ከጎኗ ድንጋይ ላይ ጋሽ ናቲ። መስኮቱ ተወልውሎ ያበራል። በመስኮቱ፣ ከዚያም በወፍራሙ መስታወት በኩል የበሽተኛው ወንበር ወለል ብሎ ይታያል። ውስጥ የማሽኑ ድምፅ «ትንፋሽ ይያዙ» ሲል ሱመያ ብድግ ብላ መስኮቱ ፊት ትቆማለች፤ እጇን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ እጇን ስታወርድ ይለቃሉ። ግድግዳው የመንገድ ሰው አይቆጥርም።

«ያን ቀን እንዲህ ብናደርግ ኖሮ» አለኝ ጋሽ ናቲ ሰላም ሳይለኝ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።»

«ማን ይከፍላችኋል?»

«ማን ይከፍለናል? ሕመምተኞች እኮ ነን» አለና ሳቀ። «ፀሐይ ሙቁ ተብለናል።»

ሱመያ ጉንጬን ሳመችኝ። ደምሰው ከነቤተሰቡ መጥቶ እንደነበር፣ የሳንባው ጥላ እንደወጣችለት፣ አንድ ማሰሮ ማር እንዳመጣላት ነገረችኝ። ከስታለች፤ ፊቷ ግን ደህና ነው። የመጣሁበትን መናገር ግን ግዴታ ነበር። 

«እትዬ ሱመያ፣ እርስዎ እዚህ በመቆምዎ ቁጥሩ ዘጠና ሰባት ገብቷል። ሰው አያስፈልግም ለማለት ማስረጃ አድርገውታል። በሐምሌ ሁለት መቶ አስራ ሦስቱም ይባረራሉ።»

ጋሽ ናቲ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

«እውነቱን ብነግራቸውስ?» አለች።

«መስኮቱን በብሎኬት ይዘጉታል። የእርስዎን ነገርም ክስ ያደርጉታል።» ወደ ወንበሯ አየሁ። «አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ለአንድ ወር እዚህ ባይቆሙ ቁጥሩ ይወርዳል። ከወረደ ሐሳቡን ይተዉታል።»

«አንድ ወር ስንት ደረት ነው?»

«አንድ ሺህ ገደማ።»

«ከሁለት መቶ አስራ ሦስቱ ውስጥ ዘምዘም አለች፤ ወልድያ። አብረን ነው የተማርነው። የባሏን ወንድም ልጆች የምታሳድግ ናት። ፍሬሕይወት አለች፣ መርሳ። ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ እኮ፣ አንተ ብቻ አይደለህም የቆጠርካቸው።» ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆለፈቻቸው። «እሺ» አለች። «እሺ። አልነሳም።»

 ባጃጆች ያልፋሉ። ውስጥ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ገባች፤ የጨርቅ ፋብሪካ ሰማያዊ ካፖርት ለብሳለች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ ወደ መስኮቱ አየች። ማንም የለም። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ዘንበል እያለች ፈለገች። ሰዎች ነግረዋት መሆን አለበት።

«ትንፋሽ ይሳቡ» አለ ማሽኑ።

የሱመያ ጣቶች እንደተቆላለፉ ናቸው። ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ገለጠችውና አየችኝ።

«አንተ ወልደየስ፣ ይቺን ምን ልበላት?» አለችኝ። «ሁለት መቶ አስራ ሦስት ሰው አለና አንቺ ዝም ብለሽ ተንፍሺ ልበላት?»

 ሥራዬ መቁጠር ነው፤ ከሁለት መቶ አስራ ሦስትና ከአንድ የቱ እንደሚበልጥ ግን ያን ጊዜ ጠፋኝ።

«ትንፋሽ ይያዙ» አለ ማሽኑ።

ተነሳች። ወንበሩ ከኋላዋ ተገለበጠ። መስኮቱ ፊት ቆማ እጇን ከፍ አደረገች፤ ሴትየዋም አየቻትና ጸጥ አለች። ሱመያ ያዘች። ጋሽ ናቲ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ ያዘ። እኔም ያዝኩ፤ እጇን እስክታወርድ ድረስ።